መጽሐፍ ቅዱስ በአድማጩ ቋንቋ፤ ከጉባኤ ቤት እስከ ካዛንቺስ

መግቢያ

በአዲስ አበባ መካከል ጎን ለጎን የሚገኙት ቂርቆስና ካዛንቺስ ስማቸውን ያገኙት ከባሕር ማዶ ነው። ቂርቆስ ገና በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት የበቃው ሕፃን ስም ሲሆን፣ ግሪክኛ ይነገርበት ከነበረው ምሥራቅ በቅዱሳት መጻሕፍት በኩል ወደ ግዕዝ የገባ፣ ሐምሌ 19 ቀን በሚከበረው በዓሉም በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረው «ኢንቺስ» የተባለው ድርጅት ካቆማቸው ቤቶች የመጣ ስም ነው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም «የኢንቺስ ቤቶች» ይባል የነበረው በሕዝቡ አፍ ለዝቦ ካዛንቺስ ሆነ። ዛሬ ከሁለቱ አንዱን የባዕድ ስም ነው ብሎ የሚጠራጠር የሰፈሩ ተወላጅ አይገኝም።

የባዕድ ቃል በሕዝብ አፍ ሲመላለስ የሕዝቡ ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስን በየሕዝቡ ቋንቋ ለማድረስ በኢትዮጵያ የተደረገው ረጅም ጥረትም በመሠረቱ ይህንኑ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ትርጉሙ ተጠናቅቆ መታተሙ አንድ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ መጽሐፉ የሕዝቡ የሆነው ሕዝቡ ራሱ በመስማት፣ በመጠየቅና በማረም በሥራው ውስጥ በገባበት መጠን ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ከጥቂት የታወቁ የታሪክ ምዕራፎች አንጻር ማመልከትና፣ ጉዳዩ ዛሬ ከተማ ለሚነድፉና ለሚገነቡ ባለሙያዎች ለምን እንደሚገዳቸው ማሳየት ነው።

የጉባኤ ቤት ሥርዓት

እንደሚታወቀው ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ የተመለሱት በአክሱም ዘመን፣ በአራተኛውና በሰባተኛው መቶ ዓመት መካከል ባለው ጊዜ ነው። ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው የሰብዓ ሊቃናት ከሚባለው የግሪክኛ ቅጂ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ግዕዝ የቤተ መንግሥቱም የገበያውም ቋንቋ ስለ ነበር ሰሚው ትርጉሙን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ግዕዝ ከቤት ንግግር ወጥቶ የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። የእግዚአብሔር ቃል በአንድ ቋንቋ ሲነበብ፣ ምእመኑ በሌላ ቋንቋ ያርስ፣ ይነግድና ልጅ ያሳድግ ጀመር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተፈጠረው የአገሪቱ የራሷ ዘዴ የጉባኤ ቤት ትርጓሜ ነው። በብሉያት፣ በሐዲሳት፣ በሊቃውንትና በመጻሕፍተ መነኮሳት የተከፈሉት አራቱ ጉባኤያት በጐንደር ዘመን ተደላድለው፣ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት የአተረጓጐም ፈሊጦችን አፈሩ። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ካሰማ በኋላ ምሥጢሩን በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ደግሞም «አንድም» እያለ ሦስተኛ ፍች ይጨምራል። አንድምታ የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚሁ ነው። ተማሪው የሰማውን በቃሉ ይይዛል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፣ ያልገባውን ይጠይቃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። በመጀመሪያ፣ አማርኛ መጽሐፍ ሳይሆን ለብዙ ዘመን የመጽሐፍ ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል፤ ኋላ አማርኛ የመጽሐፍ ቋንቋ ሲሆን ያገኘው የነገረ ሃይማኖት ቃል ሁሉ የተቀመጠው በዚሁ የቃል ትምህርት ውስጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ትርጓሜው በጥያቄና በመልስ የሚካሄድ በመሆኑ ሰሚው ተቀባይ ብቻ አልነበረም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ወደ ጉባኤ ቤት የሚገባው ጥቂት ወንድ ተማሪ ነበር። ገበሬውና እናቶች የሚያገኙት በስብከትና በጽዋ ማኅበር የሚደርሳቸውን ያህል ነው። አማርኛ የማይሰማው ሕዝብ ደግሞ ከዚህም ውጭ ነበር።

በካይሮ የተዘጋው ክፍል

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰው ከአገር ውጭ ነው። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው የጐጃሙ ተወላጅ አባ አብርሃም ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን ሳይቀር ያየ መንገደኛ መነኩሴ ነበር። በስተርጅናው ካይሮ ላይ ታሞ ሳለ አሴለን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን ረዳው፤ ከበሽታው ሲድንም ሁለቱ አብረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1818 ድረስ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ዘግተው ሠሩ። ሥራው ሲያልቅ በአባ አብርሃም እጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ተርጓሚው በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ ሥራው ታትሞ ለማየት አልታደለም።

ጽሑፉን የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 በዊልያም ጆዌት አማካይነት በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት ለኅትመት እያዘጋጀው አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። በ1830 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ሳሙኤል ጎባትና ባልደረባው ኩግለር የታተሙትን ወንጌላት ይዘው በመምጣት አከፋፈሉ።

የአንድ ሰው የዐሥር ዓመት ድካም እንዲህ ያለ ፍሬ ማፍራቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን አሠራሩ የራሱን ድካም ይዞ ተወለደ። አባ አብርሃም ከአገሩ ከራቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አማርኛውን ሰምቶ «ይህ አልገባኝም» ወይም «እኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል» የሚለው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ለኅትመት ያዘጋጁትም አገሩን ያላዩ ምሁራን ነበሩ። ከዚህም የተነሣ ትርጉሙ አገር ቤት ከደረሰ በኋላ እንደ ገና መታረም ግድ ሆነበት፤ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ዮሐን ክራፍ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና አዲስ እርማት አሳተመ። በዝግ ክፍል የተጀመረው ሥራ የአንባቢውን ጆሮ ለማግኘት ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት።

የአስቴር ጋኖ መዝገብ

የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተመሳሳይ ሆኖ ይጀምርና በሌላ መንገድ ይሄዳል። አናሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እ.ኤ.አ. ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶት በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ለመተርጐም ሲነሣ ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠመው። ከእናቱ ቤት የወጣው አፉን ሳይፈታ በሚባልበት ዕድሜ ስለ ነበር፣ የሚተረጕምበት ቋንቋ በእጁ የቀረው ከፊሉ ብቻ ነው።

የተገኘው መፍትሔ ለትርጉም ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። በእምኩሉ እንደ እሱ ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ስለ ነበሩ እነሱን ሰብስቦ የቋንቋ ቡድን አቋቋመ። ከመካከላቸው ዋነኛዋ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከበኞች ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ያስጣሏት ወጣቷ አስቴር ጋኖ ነበረች። አስቴር ከልጅነቷ ያልጠፋትን ቋንቋ እያስታወሰች ወደ 15,000 ቃላት የሚደርስ መዝገብ አዘጋጀች፤ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈንም ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 እ.ኤ.አ. በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተሙ። በመካከሉ በ1894 የወጣው የንባብ መጽሐፍ አስቴር ከሰበሰበችው ሥነ ቃል የተውጣጣ ነበር።

እዚህ ላይ የሚታየው ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። የሕዝቡ ተረትና እንቆቅልሽ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ተሰበሰበ። ፊደል ቆጣሪው ማንበብ የሚለማመደው አያቱ በምታውቀው ተረት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወንጌሉ ሲያልፍ ቋንቋው እንግዳ አይሆንበትም። ስለ አምላክ ስምም እንደዚሁ ነው። ኦሮምኛው ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚጠራውን ዋቃን ያዘ፤ በኋላ ዘመን ወላይትኛው ጦሳን፣ ሲዳምኛው ማጋኖን ወሰዱ። አማርኛውም ቢሆን የሚጠራበት እግዚአብሔር የሚለው ስም «የአገር ጌታ» ከሚል የግዕዝ ሐረግ የተሠራ ነው። ሰሚው በገዛ ስሙ የሚያውቀውን አምላክ ሲሰማ ወሬው ስለ ሩቅ አገር አምላክ መሆኑ ይቀርና ከራሱ ሕይወት ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ይሆንበታል።

አናሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምር በአካባቢው ካህናት ተከሰሰ፤ ለዓመታትም በግልጽ እንዳያስተምር ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ፈቃድ አገኘ። በ1931 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስም ከዚያ አልራቀም።

ጥቂት ገጾች፣ ብዙ አድማጮች

የወላይታው ታሪክ ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያሳያል። የሱዳን ውስጥ ሚስዮን ሰዎች በ1928 እ.ኤ.አ. ሶዶ ገብተው ሥራ ጀመሩ፤ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ቍጥር ሃምሳ አይሞላም ነበር። በእጃቸው የቀረውም በቋንቋቸው የተተረጐመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ብቻ ነው። ሚስዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቍጥር ወደ 10,000 እንደ ደረሰ የራሳቸው ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

የዚህን ለውጥ ምክንያት በአንድ ቃል መግለጽ አይቻልም፤ የወረራው ዘመን ስቃይና የሕዝቡ የእርስ በርስ ረድኤት ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ከትርጉም ሥራ አንጻር አንድ ነገር ግልጽ ነው። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ሲያነቡ ማንበብ የማይችሉት በቃል ያዙት፤ በቃል የያዙት ወደ ሌላ መንደር ሄደው ነገሩ፤ ዜማም አወጡለት። ጥቂት ገጾች በሕዝብ እጅ ሲገቡ በመደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሙሉ ጥራዝ የበለጠ ሠሩ።

ሕግና ፊደል

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ስለ ሚስዮኖች በ1936 ዓ.ም. ያወጣው ድንጋጌ አጠቃላዩ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። የአካባቢ ቋንቋ ተማሪዎቹ አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ በመጀመሪያው ደረጃ በቃል ብቻ ሊያገለግል ይችል ነበር። ዓላማው አገርን በአንድ ቋንቋ ማስተሳሰር ቢሆንም፣ ቀድሞ በኦሮምኛ ታትሞ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር ከአደባባይ እንዲርቅ አድርጓል። በአማርኛ በኩል ግን ሥራው በሰፊው ቀጠለ። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ከወረራው በፊት ተጀምሮ የተቋረጠው የሊቃውንት ትርጉም ከነፃነት በኋላ እንደ ገና ተይዞ፣ በ1954 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ለብዙ ቤተሰብም የቤት መጽሐፍ ሆነ።

ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሠተ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሕዝቡን ፊደል አስቈጠረ። በዚሁ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። ስለሆነም መንግሥት ያስተማረውን ፊደል ሕዝቡ ቤቱ ዘግቶ ለሚያነበው መጽሐፍ አዋለው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ የፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል የፊደልን መጥበቅና መላላት አይለይም፤ በአማርኛም «አለ» የሚለው ቃል ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ለኦሮምኛ ልዩ ድምፅ «ዸ» የተባለ ፊደል ቢታከልም፣ የአናባቢዎቹን እጥረትና ርዝመት በሙሉ ለመለየት አልተቻለም። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ እንዲጻፍ ተወስኖ በትምህርት ቤት ሲሠራበት ድምፁን የመለየት ችግር ቀለለ። በሌላ በኩል ግን በአንድ ቤት ውስጥ አባት በግዕዝ ፊደል የለመደውን መጽሐፍ ልጅ የማያነበው፣ ልጅ የያዘውን ደግሞ አባት የማያነበው ሆኑ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደንብ ውስጥ ካስገባ በኋላ ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ መጻፍ ቀላል ሆኗል። ሆኖም በቴክኒክ የተፈታው ችግር በቤተሰብ ውስጥ የሚፈታው አብረው ሲያነቡ፣ ይልቁንም አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲሰማ ነው።

ቂርቆስና ካዛንቺስ

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ከለገሃር እስከ ቂርቆስ ያለው አካባቢ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ማረፊያ ሆኗል። ሸክም የሚሸከመው፣ በየቤቱ የሚያገለግለው፣ ቆሎና ቡና የሚሸጠው ሰው የየራሱን ቋንቋ ይዞ መጥቶ አማርኛን በሥራ ላይ ተማረ። የሥራ ቋንቋና የጸሎት ቋንቋ ግን አንድ አይደሉም። በገበያ የተማሩት አማርኛ ዋጋ ለመቍረጥ ቢበቃም ሐዘንን ለመናገር ወይም ንስሐን ለመግለጽ ላይበቃ ይችላል።

በዚሁ ሰፈር ዳር በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ባለበት በዚህ ሕንፃ የሚሰበሰቡት መልእክተኞች ንግግሩን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲሰሙ የአስተርጓሚዎች ክፍልና የጆሮ ማዳመጫ ተዘጋጅቶላቸዋል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። አንድ ሚኒስትር ያልገባውን እንዳይፈርም ለትርጉም ይህን ያህል ከተጨነቁለት፣ ከአዳራሹ ውጭ ለሚኖረው ሰው የሕይወቱን ትልቁን ቃል በሚገባው ቋንቋ መስማት የቅንጦት ጉዳይ ሊባል አይችልም።

ይህ ፍላጎት ዛሬ በልዩ ልዩ መንገድ እየተሟላ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በቅዳሴ ጊዜ ምንባባቱ ከግዕዙ ጋር በአማርኛ ይሰማሉ፤ በአዲስ አበባ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጠው የልዩ ልዩ ቤተ እምነቶች አገልግሎትም በዝቷል። የትርጉም ሥራውም ከአባ አብርሃም ዘመን ርቋል። አንድ ረቂቅ ሲዘጋጅ ከሥራው ውጭ ለሆኑ የቋንቋው ተናጋሪዎች ይነበብላቸዋል፤ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲተርኩት ይጠየቃሉ። ሌላ ሰው ደግሞ ረቂቁን ዋናውን ሳያይ ወደ ሌላ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ በመጨረሻም አማካሪ ከምንጩ ጋር ያመሳክረዋል። አንድ መሐንዲስ የሞላው ኮንክሪት ውጭው ስላማረለት ብቻ አያልፈውም፤ ናሙናውን 28 ቀን አቆይቶ በመጭመቂያ ይፈትነዋል። የትርጉም ናሙና የሚፈተነው በሰሚው ጆሮ ነው። ፈተናውን የወደቀ ቃል፣ ተርጓሚው ምንም ያህል ቢወደው፣ ይለወጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ምዕራፎች በዘመንም በቦታም የተራራቁ ቢሆኑም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው። ጉባኤ ቤት ተማሪውን በጥያቄ አሳተፈ፤ እምኩሉ የተሰረቁ ልጆችን ትዝታ መዝገብ አደረገ፤ ወላይታ ጥቂት ገጾችን በቃል አበዛ። በእነዚህ ሁሉ መጽሐፉን ከሕዝቡ ጋር ያገናኘው በአንድ ቦታ የሚሰበሰብ፣ የሚተዋወቅና የሚተማመን ማኅበር ነው። ማንም ሰው ያልገባውን ቃል «አልገባኝም» ለማለት የሚደፍረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው።

ለከተማ ባለሙያዎች ጉዳዩ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። የተሻለ ቤት፣ ውሃና መጸዳጃ ማግኘት ለብዙ ዘመን ለተጎሳቈለ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም። በነባሩ ሰፈር ግን ከቤቱ ሌላ ያልተለካ፣ በካርታ ላይም ያልሰፈረ ንብረት ነበረ፤ በወር አንድ ቀን የሚሰበሰበው የጽዋ ማኅበር፣ በሳምንት አንድ ማታ በእናት ቋንቋ የሚነበብበት ቤት፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ዕድር። አንድ መንደር በየብሎኩ ተበታትኖ ሲሰፍር ይህ ሁሉ እንደ ገና ከመሠረቱ መጀመር ይኖርበታል፤ አዛውንቶች ደግሞ እንደ ገና ለመጀመር ጊዜ አይተርፋቸውም።

ስለዚህ የሠፈራ ንድፍ ሲዘጋጅ አብረው የኖሩ ሰዎች አብረው የሚዛወሩበት መንገድ ቢፈለግ፣ በየብሎኩም ለስብሰባ የሚሆን አንድ መጠነኛ ክፍል ከመጀመሪያው ቢታሰብ፣ ወጪው ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። መጽሐፉ ተተርጕሟል፤ ፊደሉም በየኪሱ በያዘው ስልክ ውስጥ ገብቷል። የሚቀረው የሚነበብበትና የሚሰማበት ቦታ ሲሆን፣ ያንን በንድፍ ወረቀት ላይ ማስፈር የማኅበሩ አባላት የሙያ ድርሻ ነው።